«ሥዕል ቤትም ይሣላል» ላላችሁን፦ ለማዕከላችን ቦርድ ግልጽ ደብዳቤ

ለማኅበረሰብ ማዕከላችን የሥራ አመራር ቦርድ
ለ20ኛ ዓመት በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ
በያላችሁበት

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የቅዳሜው የሴቶች የሥዕል ቡድን አስተባባሪ ሆኜ ነው። ቡድናችን 14 ሴቶች አሉት። ከመካከላችን አረጋውያንን የምትንከባከብ አለች፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ የምትቀበል አለች፣ ጡረታ የወጣች አለች፣ ገና ኮሌጅ የገባችም አለች። ላለፉት አራት ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት በማዕከሉ አዳራሽ ስንሥል ቆይተናል።

ባለፈው ወር ከጽሕፈት ቤቱ በቴሌግራም መልእክት ደረሰን። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ለሠርግ፣ ለልደትና ለክርስትና ግብዣ ይከራያል ይላል። ስለ እኛ የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ሥዕል ቤትም ስለሚሣል የቡድኑ አባላት ብዙም እንደማትቸገሩ እናምናለን።»

መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማዕከሉ ገቢ እንደሚያስፈልገው ይገባኛል። የኪራዩና የመብራቱ ሂሳብ በየዓመቱ እንዴት እንደሚጨምር በስብሰባ ላይ ሰምቻለሁ። እሱ አይደለም ያንገበገበኝ። «ቤትም ይሣላል» የምትለዋ ናት። ቤት የማይሣል ሆኖብን ነው እኮ ወደ እናንተ የመጣነው።

ቅሬታችንን ከመናገሬ በፊት አንድ ሥዕል ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ ነው ያለው።

በየካቲት አንድ የበዓል ሰኞ ስምንታችን ተቀጣጥረን ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ሄድን። መግቢያው ነፃ ነው። ከስምንታችን አምስቱ እዚህ አገር ከ10 ዓመት በላይ ኖረው እዚያ ሕንፃ ገብተው አያውቁም ነበር። በምዕራቡ ሕንፃ የፈረንሳይ ሥዕሎች ወዳሉባቸው ክፍሎች ገባንና ከአንዲት ትንሽ ሥዕል ፊት ቆምን።

ስሟ «የሎሪያን ወደብ» ነው። ቁመቷ 43 ሴንቲ ተኩል፣ ወርዷ 73 ሴንቲ ነው። አንድ ሰው በብብቱ ይዟት ሊሄድ ይችላል። የሠራቻት ፈረንሳዊቷ ሠዓሊ በርት ሞሪዞ ናት፤ በ1869። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሎሪያን በምዕራብ ፈረንሳይ፣ በብረታኝ ጠረፍ ያለች የወደብ ከተማ ናት። ሠዓሊዋ ያኔ 28 ዓመቷ ነበር።

በስተቀኝ፣ ከዳር፣ አንዲት ነጭ የለበሰች ሴት ጃንጥላ ይዛ ከድንጋይ ግንብ ላይ ተቀምጣለች። ከወዲያ ማዶ ቤቶች አሉ። ምሰሶ ያላቸው መርከቦች ቆመዋል። መሀሉን የያዘው ግን ውሃ ነው። ሰማዩ እንዳለ ውሃው ውስጥ ወርዷል። የመርከቦቹ ጥላ ይንቀጠቀጣል። ጠጋ ብለን ስናየው የሴትየዋ ቀሚስ ጥቂት የነጭና የግራጫ ቀለም ጭረት ነው፤ ፊቷም እንደዚያው። አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ስንል ግን ቁጭ ብላ የምታስብ ሰው ሆነች።

ጎርጎራ ያደገችው እህታችን ከዚያ ሥዕል ፊት አልነቃነቅ አለች። «ጠዋት ጠዋት ጣና እንዲህ ነው» አለች። «ምንም አይሠራም። ዝም ብሎ ያበራል።»

ያኔ «ኢምፕሬሽኒስት» የሚለው የሠዓሊዎች ቡድን መጠሪያ ገና አልወጣም። ሞኔ፣ ሬኗር፣ ደጋ፣ ፒሳሮና ጓደኞቻቸው ፓሪስ ላይ የመጀመሪያውን የጋራ ኤግዚቢሽናቸውን የከፈቱት ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1874 ነው። ከ30 ገደማ ሠዓሊዎች መካከል በርት ነበረችበት። እሱን ጨምሮ እስከ 1886 ድረስ ስምንት እንዲህ ያሉ ኤግዚቢሽኖች ተደረጉ። የቀረችው ከአንዱ ብቻ ነው፤ እሱም በ1879፣ ልጇን ዡሊን ከወለደች ከጥቂት ወራት በኋላ። በወሊድ ምክንያት ካልሆነ በቀር አልቀረችም ማለት ነው። «የሎሪያን ወደብ» ደግሞ ይህ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት የተሠራች ናት። ታዋቂው ሠዓሊ ኤድዋር ማኔ አይቷት በጣም ስለወደዳት በርት በስጦታ ሰጠችው። ዞሮ ዞሮ ሥዕሉ አይልሳ ሜለን ብሩስ የምትባል አሜሪካዊት ሰብሳቢ እጅ ገባ፤ ከእሷም በ1970 ለጋለሪው ደረሰ። በዚህ ምክንያት እኛም የባቡር ቲኬት ከፍለን ብቻ እናያታለን።

አሁን ስለዚያች ግንብ ላይ ስለተቀመጠችው ሴት ልንገራችሁ። ደብዳቤውን የጻፍኩት በእሷ ምክንያት ነው።

ኤድማ ትባላለች። የበርት እህት ናት። እሷም ሠዓሊ ነበረች።

ሁለቱ እህትማማቾች አብረው ተማሩ። በዚያ ዘመን የፓሪስ ከፍተኛው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሴት አይቀበልም ነበር። በሩን ለሴቶች የከፈተው በ1897 ነው፤ በርት ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ። ስለዚህ እናታቸው የግል አስተማሪ ቀጠሩላቸው። ሉቭር ሙዚየም እየሄዱ የቀደምት ሠዓሊዎችን ሥራ ቀዱ። ከዚያ የመሬት ገጽታ ሥዕል አባት ከሚባሉት አንዱ ከሆነው ከኮሮ ዘንድ ደጅ ወጥቶ መሣልን ተማሩ። በ1864 ሁለቱም ሥራቸውን በትልቁ ዓመታዊ የፓሪስ ኤግዚቢሽን፣ በሳሎን፣ አቀረቡ። ከአስተማሪዎቻቸው አንዱ፣ ዦዜፍ ጊሻር፣ ቀደም ብሎ እናታቸውን አስጠንቅቋቸው ነበር። እነዚህ ልጆች እኔ ዘንድ ከቀጠሉ ለጊዜ ማሳለፊያ የሚሥሉ አይሆኑም፣ የምር ሠዓሊዎች ይሆናሉ፤ እንደ እናንተ ባለ ቤት ደግሞ ይህ መዓት ሊሆን ይችላል አላቸው። እኚያ እናት ሰምተው ትምህርቱን አላስቆሙም። እግዜር ይስጣቸው።

በ1869 ኤድማ አዶልፍ ፖንቲዮን የሚባል የባሕር ኃይል መኮንን አገባች። ባሏን ተከትላ ሎሪያን ሄደች። ብሩሹን አስቀመጠች። ከዚያ ለበርት ደብዳቤ ትጽፍላት ጀመር። በአንዱ ደብዳቤዋ ሐሳቤ ብዙ ጊዜ አንቺ ጋ፣ ስቱዲዮሽ ውስጥ ነው ትላታለች። ለሩብ ሰዓት ያህል እንኳ ሹልክ ብዬ፣ ለዓመታት አብረን የኖርንበትን አየር ብተነፍስ ደስ ይለኛል ትላታለች።

ሩብ ሰዓት። 15 ደቂቃ።

በዚያው ዓመት በርት ልትጠይቃት ሎሪያን ወረደች። ወደቡ ላይ ሸራዋን ዘርግታ እህቷን ግንብ ላይ አስቀመጠች። እንግዲህ ብሩሽ የያዘች እህት፣ ብሩሽ ያስቀመጠች እህቷን ሣለች ማለት ነው። ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው ከአንዳችንም አፍ ቃል አልወጣም። ከቡድናችን በዕድሜ ትልቋ እማማ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው አስጠጉ።

ኤድማን የከለከላት ሕግ አልነበረም። ቤት ነበራት። ቀለም መግዣ ነበራት። ለዓመታት የሠለጠነ እጅ ነበራት። ያጣችው አብሯት የሚሠራ ሰውንና ለሥዕል ብቻ ተብሎ የተለየ ሰዓትን ነው። «ቤትም ይሣላል» ስትሉን እኔ የታየኝ ይህ ነው። እሷም እኮ ቤቷ ነበረች።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ጉዳይ ልግባ።

የመጀመሪያው የአዳራሹ ነገር ነው። የቅዳሜን ሰዓት የመረጥነው ዝም ብለን አይደለም። በዚያ ሰዓት ጎን ካለው ክፍል ልጆቻችን ፊደል ይማራሉ። እናት ለሦስት ሰዓት ከልጅ እጇ የሚለቀቀው በሳምንት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሰዓቱ ከተቀየረ ከ14 ሴት ቢያንስ ዘጠኙ ይቀራሉ፤ እያንዳንዷን ጠይቄ ነው የምናገረው። አንዷ እህታችን ሌሊት ሌሊት አረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች። ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ከሦስት ልጆች ጋር ትኖራለች። ቀለም ከከፈተች ትንሹ ልጇ እጁን ይነክራል፤ አንድ ጊዜ ሰማያዊ ቀለም አፉ ውስጥ ከቶ እየነዳች ሆስፒታል ይዛው ሮጣለች። ሌላዋ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። አከራይዋ የተርፐንታይን ሽታ አልወድም ብለዋታል። እኔ ራሴ የምሥለው ምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ያልደረቀ ሸራ ሶፋው ጀርባ ደግፌ ሄጄ ስመለስ ጋቢ ተጣጥፎ ተጭኖበት አገኘሁት። ጋቢው ላይ የቀረው አረንጓዴ አሁንም አለ። ሥዕሉ ግን የለም።

ጎረቤታችሁ፣ ወንድማችሁ «እንጀራ ቤትም ይጋገራል» ብሎ የዳቦ ቤቱን ምድጃ ቢያጠፋው ዝም አትሉም። ቦታ ሥራን ይፈጥራል። ቅዳሜ ስንሰባሰብ አንዷ የሌላዋን ሸራ ታያለች። «ይህ ጥቁር በዛ» ትላለች። አንዷ ስትደክም ሌላዋ ታበረታታለች። በርትና ኤድማ ለዓመታት ጎን ለጎን ሲሠሩ የነበራቸው ይህ ነው። ኤድማ ለሩብ ሰዓት የናፈቀችው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው የስማችን ነገር ነው። እሱ ከአዳራሹ በላይ አሞኛል።

ለ20ኛው ዓመት በዓል በተዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይ የወንዶቹ ሥራ ሥር ሙሉ ስማቸው ተጽፏል። የትውልድ ቦታቸው፣ የተማሩበት፣ ከዚያም «ሠዓሊ» የሚል ቃል አለ። ይገባቸዋል፤ ጥሩ ሥራ ነው የሠሩት። የእኛ ሥዕሎች ግን «የእናቶቻችን የእጅ ሥራዎች» በሚል ርእስ ነው የተሰቀሉት። ከአንዱ ሥር «የአቶ እገሌ ባለቤት» ይላል። ከሌላው ሥር በልጅ ስም «የእገሊት እናት» ይላል። ያላገባችው ልጅ ሥራ ሥር «የማዕከሉ አባል» ተብሎ ታልፏል። የእኔ ላይ ስሜ አለ፤ ሙያ በሚለው ቦታ ግን «የቤት እመቤት» ይላል። ቅጹን ስሞላ በእጄ የጻፍኩት «ሠዓሊ» ብዬ ነበር። ማን እንደቀየረው አላውቅም፤ የጠየቀኝም የለም።

በሰፈር «የእገሌ እናት» መባል ክብር ነው። እኔም ስጠራ ደስ ይለኛል። ሥዕል ላይ ግን ስም ፊርማ ነው። ሴትየዋ ሥዕሉን ስትሠራ ባሏ ሥራ ላይ ነበር፣ ልጇም ተኝታ ነበር። ሸራው ፊት የነበረችው እሷ ብቻ ናት።

በርት ሞሪዞ መጋቢት 2 ቀን 1895 ሞተች። 54 ዓመቷ ነበር። የሞት ምስክር ወረቀቷ ላይ «ሙያ የላትም» ተብሎ ተጻፈ። ፓሪስ፣ ፓሲ መቃብር ላይ ያለው ድንጋይ ደግሞ «በርት ሞሪዞ፣ የኧዤን ማኔ መበለት» የሚል ነው። ኧዤን ባሏ ነው፤ የኤድዋር ማኔ ወንድም። ሠዓሊ የሚል ቃል የለም። ከዚያ ቀን ቀደም ብሎ ለ30 ዓመት ሥራዋን በአደባባይ ስታሳይ ኖራለች። በ1875 እሷ፣ ሞኔ፣ ሬኗርና ሲስሌ ሥራዎቻቸውን በጨረታ ሲሸጡ ከሁሉም የበለጠ ዋጋ ያወጣው የእሷ ሥዕል ነበር። 480 ፍራንክ። ከመሞቷ ከአንድ ዓመት በፊት መንግሥት ራሱ አንድ ሥዕሏን ገዝቷል። ያም ሆኖ ሙያ የላትም።

ጓደኞቿ ግን እንደዚያ አልተዉአትም። በሞተች በዓመቱ ሞኔ፣ ሬኗር፣ ደጋና ባለቅኔው ማላርሜ ተሰባስበው 400 የሚጠጉ ሥራዎቿን አሳዩ። ሬኗርና ደጋ የሚያህሉ ሰዎች ሥዕሎቿ እንዴት ይሰቀሉ በሚለው ላይ ይከራከሩ ነበር። እኛ የምንለምነው ያን ያህል ትልቅ ነገር አይደለም። በቁማችን ሳለን ስማችን በትክክል እንዲጻፍልን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ለማመን ያስቸገረኝ ነው። የጎርጎራዋ እህታችን ለኤግዚቢሽኑ የጣናን ጠዋት ሣለች። ጭጋግ፣ ውሃ፣ በስተግራ ጥቂት ደንገል፣ ሌላ ምንም የለም። አራት ወር ፈጅቶባታል። ያንን የውሃ ብርሃን ለማግኘት ስንት ቀን ፍቃ እንደገና እንደጀመረች እኔ ምስክር ነኝ። የመክፈቻው ቀን ስንመጣ ከሥዕሉ መሀል ታንኳ ገብቶበታል። ቢጫ ሸማ ያጠለቀ ቀዛፊም አለበት። ከኮሚቴው አንድ ሰው «ባዶ ስለመሰለኝ ትንሽ ሞላሁት» አሏት። በቅንነት ነው ያሉት። እሷም ታላቅ ሰው ናቸው ብላ አንገቷን ደፍታ «እሺ» አለች። መኪና ውስጥ ገብታ ነው ያለቀሰችው።

ይህ በበርትም ላይ ደርሷል። እዚያው ናሽናል ጋለሪ ውስጥ እናቷንና ኤድማን አንድ ላይ የሣለችበት ሌላ ሥዕል አለ። እናትየው ጥቁር ለብሰው ያነባሉ፤ ኤድማ ነጭ ለብሳ ጎናቸው ተቀምጣለች፣ ነፍሰ ጡር ናት። ሥዕሉ ለ1870ው ሳሎን ሊላክ ሲል በርት ስለ ሥራዋ ተጠራጥራ ማኔን አማከረችው። እሱም ቤቷ መጥቶ ብሩሹን አነሳ። ከእናትየው ቀሚስ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ። ደረት፣ ራስ። ማቆም አልቻለም። ሥዕሉን ሊወስድ የመጣው ሰው እየጠበቀ ነበርና ወዲያው ተላከ። በርት ይህ ሥዕል ባይቀበሉት ይሻለኝ ነበር እስክትል ድረስ ተቃጠለች። ማኔ ይወዳት ነበር፤ ሥራዋንም ያከብር ነበር። አሁንም 150 ዓመት አልፎ ያንን ሥዕል የሚያዩ ሰዎች የትኛው የእሷ እጅ ነው፣ የትኛው የእሱ እያሉ ይፈልጋሉ።

«የሎሪያን ወደብ»ን አንድ ቅን ሰው «መሀሉ ባዶ ነው» ብሎ ጀልባ ቢጨምርበት ኖሮ አስቡት። ሴትየዋን ከዳር አስቀምጣ መሀሉን ለውሃ የለቀቀችው በርት ራሷ ናት። ውሃው ነው ሥዕሉ። የእህታችንም ጭጋግ እንደዚያው ነበር።

የቀሩትን ባጭሩ ልበል። ሥዕሎቻችን የተሰቀሉት በዋናው አዳራሽ ሳይሆን ወደ ኩሽና በሚወስደው ኮሪደር ነው። የውሃ ማፍያው በእማማ ሥዕል ሥር ተተክሎ ነበር የዋለው። በውሃ ቀለም የተሠራ የግቢያቸው ሥዕል ነው፤ ጊዮርጊስ ሰፈር ያደጉበት ግቢ፣ ከኮባው ተክል ጋር። ማታ ላይ ወረቀቱ በእንፋሎቱ ተነፍቶ እንደ ቆርቆሮ ተወላግዷል። እሳቸው «ይድረቅ፣ ግዴለም» አሉ። እኔ ግዴለም ማለት አልቻልኩም።

የበዓሉ መጽሔት ላይ ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል ሁለት ገጽ አለ። አፈወርቅ ተክሌ አሉ፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ አሉ። እዚሁ ከተማ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ያስተማሩት እስክንድር ቦጎሲያን አሉ። ሁሉም የሚገባቸው ናቸው። ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በመጀመሪያ የተመረቀችው ሴት፣ አንጋፋዋ ደስታ ሐጎስ፣ ግን በአንድ መስመር እንኳ አልተጠቀሰችም። ሁለቱ ገጾች ላይ አንድም የሴት ስም የለም። ልጆቻችን ያንን መጽሔት ቤታቸው ወስደዋል።

ሥዕሎቹን የመረጠው ኮሚቴ አምስት ሰው ነበረው፤ አምስቱም ወንዶች። በ1876 አንድ የፓሪስ ጋዜጣ ሐያሲ፣ አልቤር ቮልፍ፣ የኢምፕሬሽኒስቶቹን ኤግዚቢሽን ሲዘልፍ አምስት ስድስት እብዶች ተሰባስበዋል፣ አንዷም ሴት ናት ብሎ ጽፎ ነበር። እብድ ያላቸው ሰዎች ግን አንዲት ሴት በመካከላቸው ነበረች፤ ከእኩል አስቀምጠዋት፣ ሥራዋን ከሥራቸው ጎን ሰቅለው። የእኛ ኮሚቴ ያንንም አላደረገም።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን እንጠይቃለን።

ቅዳሜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ያለው ጊዜ ለቡድናችን ይመለስ። ገቢው የግድ ነው ከተባለ ግብዣዎቹ ከ11 ሰዓት በኋላ ይጀምሩ፤ እኛም ወለሉን አጽድተን፣ ወንበሩን ደርድረን እናስረክባለን። በወር ከየአባሉ 10 ዶላር ለማዋጣት ተስማምተናል። ሰዓቱን መመለስ በፍጹም አይቻልም ካላችሁ ደግሞ ምድር ቤት ያለው፣ ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል ይሰጠን። መስኮት አለው። ዕቃውን እኛው እናስተካክላለን።

በማዕከሉ ድረ ገጽ ላይ ያለው የኤግዚቢሽኑ ዝርዝር ይታረም። የእያንዳንዷ ስም በራሷ ስም፣ በአባቷ ስም ይጻፍ። ሙያዋን ራሷ ባለችው መንገድ ይጻፍ። «የእጅ ሥራ» የሚለው ይቅር፤ ሥዕል ነው።

የታንኳዋን ነገር በሚመለከት፣ ቀለሙን የጨመሩት ሰው እህታችንን በአካል ቀርበው ይቅርታ ይጠይቋት። በሕዝብ ፊት አንፈልግም። ቡና ጠጥተው ይነጋገሩ። ከዚህ በኋላ ግን ያለ ሠዓሊዋ ፈቃድ የማንም ሥዕል ላይ ብሩሽ እንዳያርፍ በጽሑፍ ይወሰን።

በሚቀጥለው ኤግዚቢሽን ኮሚቴ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሴቶች ይኑሩ። ሥራዎች የሚሰቀሉበት ቦታም በዕጣ ይደልደል። ኮሪደሩም ለሚደርሰው ይድረሰው፤ የውሃ ማፍያው ብቻ ይነሳ። መጽሔቱ እንደገና ሲታተም ደግሞ ስለ ሥዕል የተጻፉትን ሁለት ገጾች እኛ እንድናግዝ ፍቀዱልን።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ውሳኔ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ቀን አብራችሁን ናሽናል ጋለሪ ኑ። የሚመቻችሁን ቀን ንገሩን። ምሳ እንይዛለን። «የሎሪያን ወደብ» ፊት ለሩብ ሰዓት ያህል አብረን እንቁም፤ ግንቡ ላይ የተቀመጠችውን ሴት እዩዋት። ከዚያ በኋላ ስብሰባችሁን አድርጉ።

የቦርዱን መልስ በሁለት ሳምንት ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። እስከዚያው ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ፣ እንደተለመደው፣ ሸራችንን ይዘን በሩ ላይ እንገኛለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የቅዳሜው የሴቶች የሥዕል ቡድን አስተባባሪ፣ ሠዓሊ
በ14ቱ የቡድኑ አባላት ስም
ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ